ጡት ይወገድ ወይስ ይትረፍ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

የናሙና ምርመራው ውጤት «ካንሰር ነው» ከተባለ በኋላ ሐኪሙ የሚናገረውን ብዙ ሰው ልብ ብሎ አይሰማም። ድንጋጤው ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት ወይም በቀጣዩ ቀጠሮ መልስ የሚሻ ጥያቄ ይቀርባል። ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይወገድ? ወይስ ዕጢው ብቻ ይውጣ? ይህ ጥያቄ ነገ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለእናትዎ ወይም ለእህትዎ ሊቀርብ ይችላል። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነውና።

ሁለቱ አማራጮች

አንደኛው ጡትን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ነው። ሁለተኛው ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምና ይከተላል። በሁለቱም መንገድ ካንሰሩ መዛመት አለመዛመቱን ለማወቅ የብብት ንፍፊቶች ይመረመራሉ።

«ሁሉም ከሥሩ ቢነቀል ይሻላል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንደዚያ ያምኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ያስፋፉት ዘዴ ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊት ጋር ጠርጎ የሚያወጣ ነበር።

ይህን እምነት የለወጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተጀመሩ ሁለት ጥናቶች ናቸው። አንዱን በኢጣሊያ ሚላኖ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ ሌላውን በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር መርተውታል። ሴቶቹን 20 ዓመት ተከታትለው በ2002 ይፋ ያደረጉት ውጤት ተመሳሳይ ነበር። ዕጢያቸው ገና ሳይገዝፍ የታከሙ ሴቶች ጡታቸው ቢወገድም ባይወገድም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኝቷል።

ጨረሩ ወሳኝ ነው

ጡትን ማትረፍ ግን የጨረር ሕክምናን ይጠይቃል። በአሜሪካው ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት ሴቶች 39 በመቶ ያህሉ ካንሰሩ በዚያው ጡት ተመልሶባቸዋል። ጨረር በወሰዱት ላይ የተመለሰው በ14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጡቴ ይትረፍልኝ» ከማለትዎ በፊት «ጨረሩን የትና መቼ አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞችም ተጀምሯል። ሕክምናው ግን ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን እየተመላለሱ ለሳምንታት የሚወስዱት ነው። ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ ማረፊያው፣ ትራንስፖርቱና ወረፋው ቀላል አይደለም። አንዲት እናት ይህን ሁሉ አመዛዝና «ጡቴ ይወገድ» ብትል ውሳኔዋ የተሳሳተ አይደለም። ሆኖም ዕጢው ትልቅ ከነበረ ወይም ካንሰሩ ንፍፊት ከደረሰ፣ ጡቱ ከተወገደም በኋላ ጨረር ሊያስፈልግ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ምርጫ የማይኖርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ዕጢው ከጡቱ መጠን አንጻር ሲገዝፍ፣ በተለያዩ የጡት ክፍሎች ሲገኝ ወይም ደረቱ ከዚህ ቀደም ጨረር ወስዶ ከሆነ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ማስወገዱን ይመክራል። ነፍሰ ጡር ሴት ጨረር መውሰድ የምትችለው ከወለደች በኋላ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ኬሞቴራፒ አስቀድሞ ተሰጥቶ ዕጢው ሲያንስ፣ ጡቱን የማትረፍ ዕድል ሊመጣ ይችላል።

ፍርሃትና ቤተሰብ

«ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚባለውን አይቀበሉት። በሽታው የሚዛመተው ሳይታከም ሲቆይ ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶች ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ ምርጫቸው ይጠባል። ፀበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ ቀጠሮ አያስቀርም፣ መድኃኒትም አያስጥልም።

ሌላው ስጋት «ባሌ ምን ይለኛል? ሴትነቴስ?» የሚለው ነው። ይህ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ባል ከሆኑ አብረው ወደ ሐኪሙ ይግቡ፣ ይስሙ፣ ይጠይቁ። ቤተሰብ ይመክራል እንጂ በታካሚዋ ምትክ አይወስንም። አካሉ የእሷ ነው፤ ፈቃዷን በፊርማ የምትሰጠውም እሷ ናት።

ብዙውን ጊዜ ለማሰብ አንድ ሁለት ሳምንት መውሰድ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ወራትን ማሳለፍ ነው።

ለሐኪምዎ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

ወደ ቀጠሮው አንድ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ጥያቄዎቹንም በወረቀት ይጻፉ፦

• ካንሰሩ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ንፍፊት ደርሷል?
• ጡቴ ሊተርፍ ይችላል? ካልሆነስ ምክንያቱ ምንድን ነው?
• የጨረር ቀጠሮ መቼ አገኛለሁ?
• የዕጢው የሆርሞን ምርመራ ተደርጓል? (ውጤቱ ታሞክሲፌንን የመሰለ፣ ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ማስፈለጉን ይወስናል።)
• የወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር ቢገኝ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል?
• ልጅ መውለድ ብፈልግስ?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የብብት ንፍፊቶች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ባለሙያው የሚያሳይዎትን የክንድ እንቅስቃሴ በየዕለቱ ይሥሩ፤ በዚያ በኩል ያለው እጅ እንዳይቆስልና እንዳይቃጠል ይጠንቀቁ፤ ካበጠ ወይም ከቀላ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ጡቱ ለተወገደ በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጡት አለ። ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ በመስጠት የሚታወቀውን ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መጠየቅም ይቻላል። በዚህ መንገድ ያለፈች ሴት ካወቁም ያነጋግሯት፤ ከሐኪም የማይገኝ ምክር ከእሷ ያገኛሉ።

ጡቱ ቢወገድም ቢተርፍም፣ በሕይወት ለመቆየት ይበልጥ የሚወስነው በጊዜ መድረስና ሕክምናውን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ዛሬ ጡትዎ ላይ ያልነበረ እብጠት ከዳሰሱ ለነገ ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።