የተዘጋ መዝገብ በኮምፒዩተር ሲያዝ

ክርክሩ ያለቀ የፍርድ ቤት መዝገብ «ተዘጋ» ይባላል እንጂ ጥቅሙ አያበቃም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ያገኘ ሰው እንዲፈጸምለት የሚያመለክትበትን ጊዜ 10 ዓመት አድርጎታል። መዝገቡ ከዚያ በፊት ቢጠፋ ባለመብቱ ይጎዳል። ያለ ገደብ ቢቀመጥ ደግሞ የባለጉዳዮች ምስጢር ለማይመለከተው ሰው ይጋለጣል።

ስለሆነም የመዝገብ አያያዝ ፕሮግራም የሚከተሉትን መሥራት ይኖርበታል፤
1ኛ/ መዝገቡ የተዘጋበትን ቀን መያዝ፤
2ኛ/ እንደ ጉዳዩ ዓይነት የተወሰነውን የማቆያ ዘመን መደመር፤
3ኛ/ ይግባኝ ወይም አፈጻጸም ካለ፣ ዘመኑ ቢሞላም መዝገቡ እንዳይነካ ማድረግ፤
4ኛ/ ኃላፊው ሲፈቅድ ብቻ ከነቅጂዎቹ ማስወገድ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መዝገብ እንዳስወገደም ጽፎ ማስቀረት።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በ2010 ዓ.ም. የተዘጋ መዝገብ 10 ዓመት የሚሞላው በ2020 ዓ.ም. ነው። ኮምፒዩተሩ 2010ን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከወሰደው ግን መዝገቡን ከ7 ዓመት በላይ አስቀድሞ እንዲወገድ ያቀርበዋል። ስለዚህ ቀን ስናስገባ የዘመን አቆጣጠሩን አብረን እንግለጽ። መምህራን ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት፣ ተማሪዎች የአንድ ቁጥር ስሕተት የሰውን መብት እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ ይገነዘባሉ።