ሞቶ የተገኘው ባለሪከርድ አጋዘን

በ1981 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት አንድ ነጭ ጭራ አጋዘን ሞቶ ተገኘ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀንዱ ሲለካ 333 ከ7/8 ነጥብ አመጣ። በዚህም በቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ መዝገብ፣ ከተለመደው ቅርጽ የወጡ ቀንዶች በሚመዘኑበት ምድብ የዓለም አንደኛ ሆነ። እስቲ አስቡት፦ የአዳኞች ክለብ አንደኝነቱን የሰጠው አዳኝ ላልጣለው እንስሳ ነው! እንዴት ሆኖ?

ክለቡን በ1887 የመሠረተው፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። በዚያ ዘመን ሥጋና ቆዳ ለገበያ ለማቅረብ በሚደረግ አደን የተነሳ ትልልቆቹ የዱር እንስሳት እያለቁ ነበር። ስለዚህ በ1932 የወጣው የመጀመሪያው የሪከርድ መጽሐፍ ለጀግና አዳኞች ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም፤ እንስሳቱ ቢጠፉ እንኳ ምን ያህል እንደነበሩ የሚናገር ማስረጃ እንዲቀር ታስቦ ነው።

አለካኩ የልብስ ሰፊ ሥራ ይመስላል። እርጥብ ቀንድ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጀመሪያ 60 ቀን ይቆያል። ከዚያ የሠለጠነ ለኪ በብረት ሜትር የሁለቱን ዋና ግንዶች ርዝመት፣ የየቅርንጫፉን ርዝመት፣ በየጎኑ አራት ቦታ ላይ ውፍረቱን ዙሪያውን፣ እንዲሁም በግንዶቹ መካከል ያለውን ስፋት እስከ አንድ ስምንተኛ ኢንች ድረስ ይለካል። ድምሩ ነጥብ ይሆናል። ግን ቆዩ! መደበኛ ቅርጽ ባላቸው ቀንዶች ምድብ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ልዩነቱ ይቀነሳል። የቀኙ ግንድ 28፣ የግራው 26 ኢንች ከሆነ 2 ነጥብ ሄደ ማለት ነው። አጋዘኑ ያበቀለውን አጥንት መልሶ መንጠቅ ለእኔ ትንሽ ግፍ ይመስለኛል። የሆነ ሆኖ በ1993 በካናዳዋ ሳስካችዋን የተገደለ አጋዘን በዚህ ምድብ 213 ከ5/8 አግኝቶ የዓለም ሪከርድ ሰብሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ ዘመዱ ከከብትና ከፍየል ነው፤ ቀንዱ በአጥንት ላይ የተደረበ፣ እንደ ጥፍር ያለ ቅርፊት ስለሆነ ዕድሜ ልኩን አይረግፍም። የነጭ ጭራው ቀንድ ግን ራሱ አጥንት ነው። በየዓመቱ ክረምታቸው ሲገባ ወይም ሲጋመስ ይወድቃል፣ በጸደይ እንደገና ይበቅላል። ሲያድግ የደም ሥር የሞላበት፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቆዳ ይሸፍነዋል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የወንዴ ሆርሞን ይጨምራል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ አጋዘኑም ከዛፍ ጋር እያሻሸ ይገፈዋል።

ይህን ሁሉ አጥንት በጥቂት ወራት ለመገንባት ጥሩ ዘር፣ በቂ ምግብና ዕድሜ ያስፈልጋል። የሁለት ዓመት ወጠጤ ሪከርድ አይሰብርም። እንግዲህ ትልቅ ቀንድ የተገኘበት ቦታ፣ ወንዶቹ በደንብ በልተው ለማደግ ጊዜ ያገኙበት ቦታ ነው። ለዚህ ማስረጃነት ደግሞ የተገደለም ሞቶ የተገኘም እኩል ነው። ማምለጥ በማይችልበት አጥር ውስጥ የተገደለ አጋዘን ግን አይመዘገብም።

መጽሐፉ የማይነግረን ነገርም አለ። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ አያበቅሉም፤ ስለዚህ መንጋው ዘንድሮ ስንት ግልገል እንደወለደ፣ ስንቱም እንዳደገ ከዚህ መዝገብ ማወቅ አይቻልም። ለዚያ ተመራማሪዎች ጫካ ገብተው መቁጠር አለባቸው።