የበሬ ጎድን ከነአጥንቱ አብስሎ ማቅረብ

በፋሲካ ሰሞን በልደታ ክፍለ ከተማ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው ቅርጫ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። አካባቢው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፣ ለነዋሪው እንደ እርድ ላለው ሥራ የሚሆን የጋራ መጠቀሚያ ቤት ከሕንጻዎቹ አጠገብ ተሠርቶለታል። በሬው ከቄራ ወይም ከሸጎሌ የከብት ገበያ ተገዝቶ ይመጣል፤ ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ ይከፈልና ዕጣ ይጣላል።

የሁሉም ድርሻ እኩል እንዲሆን ሲባል ጎድኑ በመጥረቢያ ይሰባበራል። እኩልነቱ ይጠበቃል፤ ጎድኑ ግን ይበላሻል። የአጥንት ስብርባሪ ከሥጋው ጋር ይደባለቃል፤ ትንንሹ ቁራጭ ድስት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ከበሬው ሁሉ ለስላሳ ከሚባሉት ሥጋዎች አንዱም የሚታኘክ ጎማ ይሆናል። ቤተሰቡ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ሰንጋ በዚህ ሁኔታ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከብት የሚያደልቡ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለገዢዎቻቸው ሊያስተምሩ የሚገባው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ጎድኑ ሳይሰባበር ይቆይ፣ በማግስቱም ይብሰል።

የትኛው ጎድን

በሬ በእያንዳንዱ ጎኑ 13 ጎድን አለው። ከወርች ሥር ያሉት የፊተኞቹ 5 ብዙ የሠሩና ጅማት የበዛባቸው ስለሆኑ ለወጥና ለቅቅል ይሻላሉ። ለመጥበስ የሚመረጠው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ያለው፣ ወደ ሽንጥ የሚያመራው ክፍል ነው። 3 ጎድን ያለው ቁራጭ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ቅርጫ ላይ ይህን ለማግኘት ማኅበርተኞቹ ከመታረዱ በፊት መስማማት አለባቸው፤ ሙሉ ጎድን የሚወስድ ሰው በክብደቱ ልክ ከሌላው ሥጋ ይቀነስበታል። ሚዛን ይዞ መቅረብ ጠብ ያስቀራል።

ጎድኑ ከጀርባ አጥንቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ በመጥረቢያ ሳይሆን በመጋዝ መከፈል ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ ሥጋው ቢበስልም ቢላዋ አያልፍበትም።

ለምን በማግስቱ

ከብቱ ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሥጋው ይገትራል። በዚያ ሰዓት የተጠበሰ ሥጋ የሚጠነክረው ስለዚህ ነው። አብዛኛው በሬያችን ደግሞ ዓመታት አርሶ የመጣ በመሆኑ ችግሩ ይብሳል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ጎድኑን ከ1 እስከ 2 ቀን ያቆየው። የሌለው ነፋስ በሚገባበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ ሌሊቱን ሰቅሎ ያሳድርና ጠዋት ያብስለው። 55 ቀን ጾሞ የከረመ ሆድ በፋሲካ ዕለት ዶሮውም ይበቃዋል።

ስለ ኮሶ ትል

በቄራ የታረደ ሥጋ በባለሙያ ይመረመራል። ግቢ ውስጥ የታረደውን ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካልተጠራ የሚያየው የለም። የኮሶ ትል እጭ በበሬ ሥጋ ውስጥ ከገብስ ፍሬ እስከ አተር የሚያክል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፍሬ ሆኖ ይታያል። በተለይ በመንጋጋ ሥጋ፣ በልብ፣ በምላስና በወርች ላይ መፈለግ ይገባል። ካልተገኘ ግን የለም ማለት አይደለም። አስተማማኙ ነገር ማብሰል ነው፤ ሥጋው መሐሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ እጩ ይሞታል። ጥሬ ሥጋ ወዳዱን በአንድ ጽሑፍ እንመልሰዋለን ብለን አናስብም፤ ቢያንስ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቆየውን ይብላ።

ታሞ የወደቀ ወይም በድንገት የሞተ ከብት ግን ቢበስልም አይበላም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል።

አበሳሰሉ

ማታውኑ ጎድኑ ጨው ይታሸው። ጠዋት የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠልና ጥቂት ቅቤ ይቀባል። ኦቭን ያለው ምድጃ ከተገኘ በኃይለኛ ሙቀት ለ20 ደቂቃ ጠይም እስኪል ይጠበስና ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ይከደናል። 2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ቁራጭ በጠቅላላው 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ኦቭን ለሌለው ቤት የድፎ ዳቦው ዘዴ ይሠራል። ወፍራም የብረት ድስት ውስጥ ጎድኑ በአጥንቱ በኩል ይቀመጣል፤ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይጨመራል፤ ክዳኑ ላይም ከታችም ፍም ይደረጋል። ከታች ያለው ይነስ፣ ከላይ ያለው ይብዛ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆላ ከሚበስለው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሰው ይገድላል። ከደጅ ወይም አየር በሚገባበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት ይሠራ።

የሙቀት መለኪያ ካለ ጫፉ አጥንት ሳይነካ በወፍራሙ ሥጋ መሐል ይሰካል። ከሌለ በሹካ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበት መሆን አለበት። መሐሉ ሲቆረጥ ቀይ ከሆነ ተመልሶ እሳት ላይ ይደር።

አቆራረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከእሳት እንደወጣ የተቆረጠ ሥጋ ጭማቂውን ሁሉ ሰሃን ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ተሸፍኖ 20 ደቂቃ ይረፍ። ከዚያ አጥንቶቹ ወደ ላይ እንዲቆሙ ተይዞ፣ የሰላ ቢላዋ በአጥንቶቹ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥጋው በአንድ ቁራጭ ይለያል። ቀጥሎ ሥጋው ጠፍጣፋ ላይ ተጋድሞ ክሩን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ጣት በሚያክል ውፍረት ይቆረጣል። ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ የቱንም ያህል ቢበስል ያስቸግራል። የማኅበር መሪዎች ይህን አንድ ጊዜ በዓይን ቢያሳዩ አሥር ጊዜ ከመናገር ይሻላል።

ድስቱ ውስጥ የቀረው መረቅ በእንጀራ ይፈተፈታል፤ አዋዜ ከጎን ይቀርባል። የተለያዩት 3 አጥንቶች አንድ በአንድ ተለያይተው ለሚግጥ ይሰጣሉ፤ የተረፉት በማግስቱ ከሽንኩርት ጋር ተቀቅለው ሾርባ ይሆናሉ።