የታመመ ራም፣ ያነሰ ራም

ኮምፒውተር ሲያስቸግር ሁሉም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» ነው። ችግሩ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ከመጣ ሁለተኛው ምክር ይከተላል፤ «ራም ይጨመርለት»። ሁለቱም ምክሮች የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ገንዘብ የሚያስበላው ሳይመረመር ሲታዘዙ ነው። ራም በሁለት መንገድ ያስቸግራል፤ አንድም ይታመማል፣ አንድም ያንሳል። ያነሰ ራም ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል። የታመመ ራም ግን ፍጥነቱን እምብዛም አይነካም፤ በአደራ የተቀበለውን ቀይሮ ይመልሳል እንጂ።

ራም ኮምፒውተሩ አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር ሁሉ የሚይዝ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው። የተከፈተው ሰነድ፣ የብራውዘሩ ገጾች፣ ዊንዶውስ ራሱም እዚያ ላይ ይሰፍራሉ፤ ኃይል ሲቋረጥ ሁሉም ይጠፋሉ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት የፈጠረው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንቴል 1103 የተባለውንና 1,024 ቢት የሚይዘውን ቺፕ ለገበያ አቀረበ። የዴናርድ ንድፍ ለአንድ ቢት የሚያስፈልገው አንድ ትራንዚስተርና ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም አንዲት ካፓሲተር ብቻ ነው። ቻርጅ መኖሩና አለመኖሩ 1 እና 0ን ይለያል።

ካፓሲተሯ ግን እንደሚያዥ እንስራ ናት፤ የያዘችውን ቀስ በቀስ ታፈሳለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ቢያንስ በየ64 ሚሊሰከንዱ እየተነበበች መልሳ ትሞላለች። ባለ 8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ክፍሎች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ከመጠን በላይ ቶሎ የምታፈስ ከሆነች ተራዋ ሳይደርስ ባዶ ትሆናለች፤ 1 ተብሎ የተጻፈው 0 ሆኖ ይነበባል። ጉዳቱ የሚወሰነው በዚያች ቦታ ላይ በተቀመጠው ነገር ነው። ፎቶ ከሆነ አንዲት ነጥብ ቀለሟን ትቀይር ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። እንደ ሙሉ ቁጥር የተቀመጠ 5,000 ከሆነ ግን ትልቁ ቢት ሲጠፋ 904 ሆኖ ይመለሳል። የዊንዶውስ ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል።

በሽታውን የሚያጋልጠው ወጥ አለመሆኑ ነው። ሰማያዊው ስክሪን የሚያሳየው የስህተት ስም ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ይሆናል። ትናንት ዎርድ በራሱ ተዘጋ፣ ዛሬ ብራውዘሩ። ዚፕ ፋይል «ተበላሽቷል» ይባልና እንደገና ሲሞከር ይከፈታል። ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ ይቆማል። ፎርማት ተደጋግሞ ያልፈወሰው ኮምፒውተር ሲያጋጥም ራሙን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ የሚጫነው በዚያው በታመመው ራም በኩል አልፎ ነውና። ሕመሙ ሲጠና ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም፤ ስክሪኑ ጨልሞ «ጢጥ ጢጥ» ይላል ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የምልክቱ ትርጉም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የማሽኑን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ለምርመራው ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ይፈትሻል። ስህተት አገኘሁ ካለ ሊታመን ይገባል፤ ምንም የለም ማለቱ ግን ዋስትና አይሆንም። ጠንከር ያለ ፍተሻ ሲያስፈልግ ሜምቴስት86+ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል፤ ለዚህም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚሠራ ራሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ ይዳስሳል። ቁጥር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ሁለቱን ያስተያያል። ልዩነት ሲያገኝ ቀይ መስመር ይወጣል፤ በመስመሩ ላይ ስህተቱ ያለበት አድራሻ፣ የተጻፈውና የተነበበው ይታያሉ። አንዳንዱ ሕመም ራሙ ሲሞቅ ብቻ ስለሚወጣ ማታ አስጀምሮ እስኪነጋ መተው ይመረጣል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ፍተሻው ከዜሮ ይጀምራል።

ስንት ስህተት ይታለፋል? አንድም። በጎግል ሰርቨሮች ላይ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ራም ከ8 በላዩ ስህተት እንደሚያሳይ አሳውቋል፤ አንዴ የሳተውም ደግሞ የመሳት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሰርቨሮች ለእያንዳንዱ 64 ቢት 8 ተጨማሪ ቢት ይዘው ነጠላ ስህተትን በራሳቸው የሚያርም ራም ይጠቀማሉ። የቤትና የቢሮ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጠባቂ የለውም።

ቀይ መስመር ታየ ማለት ግን ራሙ ወዲያው ይጣል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ኃይሉ ይጥፋ፣ ራሙ ይውጣ፣ ወርቃማ ጥርሶቹ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ተጠርገው ይመለስ። በአቧራ ወይም በአቀማመጥ ብቻ የሚመጣ ችግር ብዙ ነው። ካልተሻለው፣ ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይፈተኑ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ወደ ሌላው ስሎት ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ራሙ ተቀይሮም በአንድ ስሎት ላይ ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ወይም የራም መቆጣጠሪያውን በውስጡ ወደያዘው ፕሮሰሰር ይዞራል፤ እዚህ ላይ አዲስ ራም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሆኑ ከወደቁ አለመስማማት ይሆናል። ዴስክቶፕ ላይ ኤክስኤምፒ የተባለው የፍጥነት ማሳደጊያ በርቶ ከሆነ አጥፍቶ እንደገና መፈተሽ ነው።

ራሙ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈስ? ዘወትር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ይክፈቱ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሦስት ቁጥር ይመልከቱ። ሜሞሪው 90 በመቶ አካባቢ ደርሶ ዲስኩም ፋታ ካጣ የራም ማነስ ነው፤ ዊንዶውስ ራም ላይ ያልበቃውን ወደ ዲስክ እያመላለሰ ነው። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነና ማሽኑ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ገንዘቡ ለኤስኤስዲ ይዋል። ሲፒዩው ብቻ ከተጨናነቀ ሁለቱም አያድኑትም። ዊንዶውስ 11 በትንሹ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በዚያ መሥራት ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ለቢሮ ሥራ 8፣ ብዙ ገጽ ለሚከፍትና ፎቶ ለሚያስተካክል 16፣ ለቪዲዮ ቅንብር 32 ይበቃል። የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ የተለመደው እትም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ የሚቀየረው ዊንዶውሱ ነው።

ከመግዛት በፊት ማሽኑ ይቀበል እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ቲ480ኤስ እና ስድስተኛው ኤክስ1 ካርቦን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥቁር ላፕቶፖች ናቸው፤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ። ቲ480 ሁለት የራም ስሎት አለው። ቲ480ኤስ አንዱን ራም ከማዘርቦርዱ ጋር በጨዳ ተበይዶ ይዞ አንድ ስሎት ብቻ ይተዋል። ኤክስ1 ካርቦን ግን ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው፤ ሲገዛ የነበረው ራም እስከ መጨረሻው ይኖራል። ቲ480ን የሚከፍት ሰው የውስጥ ባትሪውን ቀድሞ ከባዮስ ማጥፋት፣ የውጪውንም ማውጣት አለበት።

ትውልዱም ይታይ። ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ፤ የጥርሶቹ ስንጥቅ ቦታም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። የሚያሳስተው በ1.35 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3ኤል ነው፤ ቅርጹ ከዲዲአር3 ጋር አንድ ሆኖ ሳለ እሱን ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች አሉ። የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሁለት ራሞች ቢገቡ በዝግተኛው ይሄዳሉ። ሁለት እኩል መጠን ያላቸው ደግሞ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ትልቅ ይፈጥናሉ።

አዲሱ ራም ከገባ በኋላ ያው የሌሊት ፍተሻ ይደገም። ከፋብሪካ ታሞ የሚወጣ ራም አለ፤ ሻጩ የሚቀይረውም የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ነው። አሮጌው በታመመበት ሰሞን የተገለበጡና ሴቭ የተደረጉ ፋይሎችም ከቆየ ቅጂ ጋር ይመሳከሩ። ራም መቀየር ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስህተት ያቆማል፤ ተሳስቶ ዲስክ ላይ የተጻፈውን ግን አያርመውም።