የሕክምና ማስታወሻ በኮምፒዩተር ሲነበብ፦ የተንታኞች ተራ ለምን ይወስናል?

ሕክምና የምንማር ሁሉ እንደምናውቀው፣ ስለ በሽተኛው ብዙው ነገር የሚገኘው ሐኪሙ በራሱ ቃላት ከጻፈው ማስታወሻ ነው። ኮምፒዩተር ይህን እንዲያነብ ሲፈለግ ሥራው በልዩ ልዩ ተንታኝ ፕሮግራሞች ተከፋፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ተንታኞቹ በጃቫ እንዴት እንደሚቀጣጠሉና ተራቸው ሲዛባ ምን እንደሚከተል ነው።

ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት መሠረቶች አንዱ በአይ.ቢ.ኤም. ተጀምሮ ኋላ ወደ አፓቺ የተዛወረው ዩኢማ ነው። በዩኢማ አሠራር ጽሑፉ ራሱ አይነካም። ከጎኑ «ካስ» የሚባል የጋራ መዝገብ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ተንታኝም «ከዚህ ፊደል እስከዚያ ፊደል ያለው የበሽታ ምልክት ነው» እያለ ያገኘውን ይጽፍበታል። ተንታኞቹ የሚገናኙት በዚህ መዝገብ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱን አውጥቶ ተመሳሳይ ነገር በሚጽፍ ሌላ መተካት ይቻላል።

ቀድሞ የየተንታኙ መግለጫ በኤክስ.ኤም.ኤል. ፋይል ይጻፍ ነበር። ዩኢማፊት የተባለው ተጨማሪ ግን ሥራውን በጃቫ ኮድ ውስጥ ለመጨረስ አስችሏል። አንደኛ፣ ማስታወሻዎቹን የሚያመጣው አንባቢ ይሰየማል፤ ሁለተኛ፣ የየተንታኙ መግለጫ ይፈጠራል፤ ሦስተኛ፣ ሁሉም በተራ ተደርድረው «ሲምፕል ፓይፕላይን» ለሚባለው ክላስ ይሰጣሉ። ክላሱ እያንዳንዱን ማስታወሻ በተሰጠው ተራ ያሳልፋል እንጂ ተራውን አያርምም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ሳል አለው፤ ትኩሳት የለውም» የሚል ማስታወሻ እንውሰድ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከፋዩ፣ ቀጥሎ ቃል ለይው፣ ከዚያ የሕመም ምልክት ፈላጊው፣ በመጨረሻ አሉታ መርማሪው መሥራት አለባቸው። አሉታ መርማሪው ከፈላጊው ቢቀድም በመዝገቡ የሚመረምረው አያገኝም። ብዙ ጊዜም ስሕተት አለ ብሎ አያስታውቅም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ትኩሳት የሌለበትም ሰው ትኩሳታም ተብሎ ይመዘገባል።

ለእንግሊዝኛ ይህ መንገድ ተጠርጓል። ኔግኤክስ የተባለው የአሉታ መፈለጊያ ዘዴ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በማዮ ክሊኒክ የተጀመረው ሲቴክስም በዩኢማ ላይ የተሠራ ነው። እነዚህን ግን እንዳሉ ወደ አማርኛ ማምጣት አይቻልም። የእንግሊዝኛው አሉታ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ የእኛ ግን በግሡ ውስጥ ይገባል። «አያስለውም» በሚለው አንድ ቃል ሕመሙም አሉታውም አሉ። አራት ነጥቡም አንዳንዴ በሁለት ሁለት ነጥብ ይተየባል፤ «ሐኪም» እና «ሀኪም» አንድ መሆናቸውንም ማሽኑ አያውቅም።

በመሆኑም የሚያስፈልገን ሰልፉን ከሥሩ መገንባት ሳይሆን ጥቂት ክፍሎችን መተካት ነው፦ የዓረፍተ ነገር ከፋይ፣ የፊደል አስተካካይ፣ የግሥ ተንታኝ፣ የአማርኛ የሕመም ስሞች ዝርዝር። ሐኪሞች «የለውም»ን በስንት መልክ እንደሚጽፉ እኛ የሕክምና ተማሪዎች መሰብሰብ እንችላለን። ኮምፒዩተር የምታጠኑ ወገኖች ደግሞ በጃቫ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ሥራው የሁለታችንንም እጅ ይጠይቃል።