የጥጃና የበሬ እግር ሲሰበር

ጥጃ ከገደል ሲወድቅ፣ በሬ እግሩ በድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ ሲታገል፣ ወይም ምጥ የጠናባትን ላም ለመርዳት ሲባል የጥጃው የፊት እግር በገመድ ከመጠን በላይ ሲጎተት አጥንት ሊሰበር ይችላል። ብዙዎቻችን ወዲያው እናርዳለን፣ አለዚያም በቀርከሃ አጥብቀን እናስራለን። ሁለቱም ሳይታሰብባቸው ሲደረጉ ያከስራሉ።

መጀመሪያ የተሰበረበትን ቦታ ይመልከቱ። ስብራቱ ከፊት እግር ጉልበት ወይም ከኋላ እግር ቋንጃ በታች ከሆነ፣ ቆዳውም ካልተቀደደ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። በተለይ ጥጃ ክብደቱ ቀላል፣ አጥንቱም በማደግ ላይ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠገናል። የጭን አጥንት ከሆነ ግን በእንጨት ማሰር አይጠቅምም፤ የእንጨቱ ክብደት ስብራቱን ይባስ ይጎትተዋል።

ለትልቅ በሬ ውሳኔው ከባድ ነው። ጭኑ የተሰበረ ወይም አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ በሬ ወደ ቀንበር የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ ማረድ ይሻል ይሆናል። ይህን ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር መርፌ ከመወጋቱ በፊት ይወስኑ። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ባለሙያው የሚነግርዎ ቀን ሳይሞላ ሥጋው ለምግብ አይውልም።

ባለሙያ እስኪደርስ እንስሳውን አይንዱ። እግሩን በጥጥ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ወፈር አድርገው ይጠቅልሉና በቀርከሃ ይደግፉት። ቀርከሃው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች አልፎ ይሂድ፤ ስብራቱ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ጉዳቱን ያብሳል። የሰኮናው ጫፍ እንዲታይ ይተዉት።

የአካባቢዎን ወጌሻ ልምድ አንንቅም፤ የምንፈራው ጥብቅ ማሰሪያን ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ደም ያግዳል፣ ሥጋውም ይሞታል። ጠዋትና ማታ ይፈትሹ፤ ከማሰሪያው በታች ያለው ክፍል ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ጊዜ ሳይሰጡ ያላሉት፤ ባለሙያም ይጥሩ።

አጥንት ሲጠገን በስብራቱ ዙሪያ መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ከዚያ ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፤ ጠንካራ አጥንት የሚሆነው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጥጃው በ3ኛው ሳምንት መርገጥ ጀመረ ብለው አይፍቱት። ጥጃ ቶሎ ስለሚያድግ ግን ማሰሪያው እንዳይጠብበት ባለሙያው በየጊዜው ይቀይረው።

ጥጃውን ጠባብ፣ ደረቅና ገለባ በተነጎዘጎዘበት ቦታ ያቆዩት፤ ውኃና መኖም እዚያው ያቅርቡለት። አዲስ የተወለደ ከሆነ ስብራቱ እንገሩን አያስረሳዎ። ቆሞ መጥባት ካቃተው አልበው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያጠጡት።

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ወደ ገደላማ ግጦሽ አይልቀቁት። በስብራቱ ቦታ የሚቀረው ጠንካራ እብጠት አዲስ የበቀለው አጥንት ነውና አይታሽ፣ አይተኮስ።