አንድ ደቂቃ ብቻ፦ የአዋቂ ሰው ትንፋሽ እንዴት ይቆጠራል?



በእኛ በወረታና በፎገራ ሜዳ በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ የሚጨነቅበት ጥያቄ አለ፦ «ዛሬውኑ እንውሰደው ወይስ ይደር?» በተለይ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ በሽተኛ ይዞ መውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለዚህ ውሳኔ የሚረዳ አንድ ቁጥር አለ፤ ብር አይጠይቅም፣ ማሽን አይፈልግም። እሱም ሰውየው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ነው።

ትንፋሽ መቁጠር ቀላል ስለሚመስል ይናቃል። በጤና ተቋማትም ቢሆን ሳይቆጠር በግምት «20» ተብሎ ካርድ ላይ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ግን እኮ ሕመም ሲከፋ ቀድመው ከሚለወጡት ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ ነው።

ለምን ይጨምራል?

አንጎላችን ደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ሁልጊዜ ይከታተላል። ሲበዛበት «ቶሎ ተንፍስ፣ አስወጣው» ብሎ ያዛል። የሳንባ ምች፣ አስም፣ የልብ ድካምና ከባድ የደም ማነስ ትንፋሽን ያፈጥናሉ። በከባድ ወባ ወይም ባልታከመ የስኳር በሽታ ደም ውስጥ አሲድ ሲጠራቀም ደግሞ፣ ሳንባው ምንም ሳይሆን ሰውየው በፍጥነትና በጥልቀት ይተነፍሳል። ስለዚህ «ሳል የለውም፣ ሳንባው ደህና ነው» ብሎ መተው አያዋጣም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም መጀመሪያ ላይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ሰውነቱ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ እያካካሰ ስለሆነ።

እንዴት ይቆጠራል?

1. በሽተኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይረፍ። ከገበያ ወይም ከሩዝ ማሳ እንደገባ አትቁጠሩ።
2. የሚመቸው ቁጭ ማለት ከሆነ ቁጭ ይበል። ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጉት፤ ደረትና ሆድ መታየት አለበት።
3. ትንፋሹን እንደምትቆጥሩ አትንገሩት። ሰው ሲያውቅ ሳይታወቀው አተነፋፈሱን ይቀይራል። እጁን ይዛችሁ የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉ። ወሬም አታስወሩት።
4. ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ከፍ ሲል አንድ፣ ዝቅ ሲል ሁለት ካላችሁ ቁጥሩ እጥፍ ይሆንባችኋል።
5. በስልካችሁ ሰዓት ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ አንድ ትንፋሽ ብትስቱ በደቂቃ 4 ልዩነት ያመጣል።
6. ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ጻፉት። ያልተለመደ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ።

ቁጥሩ ምን ይላል? (እረፍት ላይ ላለ አዋቂ)

👉 ከ12 እስከ 20፦ ጤናማ የሚባለው ነው።
👉 ከ21 እስከ 24፦ ማስጠንቀቂያ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙት። ካልወረደ ወይም ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ሕመም ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።
👉 25 እና ከዚያ በላይ፦ አይደር። አሁኑኑ ውሰዱት።
👉 30 እና ከዚያ በላይ፦ ሐኪሞች የሳንባ ምች መክበዱን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም በተገኘው መንገድ ወደ ሆስፒታል።
👉 ከ12 በታች ሆኖ ሰውየው ከደነዘዘ፣ ወይም 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ፦ ይህም ድንገተኛ ነው። ከባድ ስካር፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም መመረዝ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ደህና ቢሆንም እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ መተኛት አቅቶት ቁጭ ብሎ ካደረ፣ የአንገቱ ጡንቻ እየተሳበ ከተነፈሰ፣ ምላሱ ወይም የከንፈሩ ውስጥ ከጠቆረ፣ ከዘባረቀ።

ስለ ወባና ስለ «ምች»

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሜዳችን የወባ ወቅት ነው። ትኩሳት ሲመጣ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ማሽተት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ማሽተቱን አልነቅፍም። ግን ዳማ ከሴ የወባ ተሕዋስን አይገድልም። ትኩሳት ያለው ሰው ትንፋሹ 16 ቢሆንም በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳቱ ላይ ፈጣን ትንፋሽ ከተጨመረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን መንቀሳቀስ ነው። ወደ ጤና ባለሙያ ስትደውሉ «ትንፋሽ አጥሮታል» ከማለት «በደቂቃ 28 ነው፣ ከሁለት ሰዓት በፊት 22 ነበር» ብትሉ ባለሙያው ሕመሙ በምን ፍጥነት እየከፋ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ልጆች ላይ ይህን ቁጥር አትጠቀሙ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጣን የሚባለው።

ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ጤነኛ የሆነ የቤተሰብ አባል ትንፋሽ ሳያውቅ ቆጥራችሁ ተለማመዱ። ጤነኛው እንዴት እንደሚተነፍስ ያየ ዓይን የታመመውን ለመለየት አይቸገርም። ስንት አገኛችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

ጤና ይብዛላችሁ!